«ይዤልህ እመጣለሁ» ያልከው መድኃኒት

ሀዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ
ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለክብሩ ዘሪሁን፤ ባለህበት ኮፐንሃገን።

አባዬ በሕይወት አለ። ከሰላምታ በፊት ይህን ያስቀደምኩት ላንተ አዝኜ አይደለም፤ ወረቀት ሲደርስህ መርዶ መስሎህ ሳትጨርሰው እንዳትጥለው ብዬ ነው። አሁን ሰላም ልበልህ። እንዴት ከርመሃል? ብርዱ እንዴት ይዞሃል? ጭብጨባውስ? «ዶክተር» የሚለውን ከስምህ ፊት የተውኩት ረስቼው እንዳይመስልህ። ዛሬ የምጽፈው ለዶክተሩ አይደለም። እማዬ ከሞተች በኋላ ንፍጡን እየጠረግኩ ላሳደግኩት ልጅ ነው፤ እሱ ካለ።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። በቴሌግራም የጻፍኩልህን ሁሉ እንዳነበብከው አውቃለሁ፤ ምልክቷ ትታየኛለች። ከአንዲት መልስ በቀር አንብበህ ዝም ትላለህ። ስደውል አታነሳም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ሙባረክ በእጁ ይዞልህ ይመጣል። የዶርም ጓደኛህ የነበረው፣ አሁን እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ የሚያስተምረው ሙባረክ፣ እናንተ ከተማ ስብሰባ አለው። አንብቦ እስኪጨርስ አጠገቡ ተቀመጥ ብዬዋለሁ። «አለምዬ፣ ዘበኛ አደረግሽኝ እኮ» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። የምነግርህ በአባዬ ነፍስ ላይ የመጣ ነገር ነው፤ ያመጣኸውም አንተ ነህ።

ነገሩ የጀመረው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ባለችው ፎቶ ኮፒ ቤቴ ተቀምጬ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ አትማለሁ። ሳያት የምትባል የፋርማሲ ተማሪ ስልኳን ወደኔ አዙራ «እትዬ አለም፣ ይሄ ክብሩ ዘሪሁን ወንድምሽ አይደል?» አለችኝ።

አየሁህ። ሱፍህ ያምራል። ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ቆመህ በእንግሊዝኛ ታወራለህ። አልዋሽህም፣ ደስ አለኝ። ወረፋ ለያዙት ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጌ አሰማሁ፤ ወንድሜ ነው አልኩ። ከዚያ ከኋላህ ባለው ስክሪን ላይ አንድ እጅ መጣ። የአባዬ እጅ።

የት እንዳነሳኸው ወዲያው አወቅኩ። ባለፈው ገና መጥተህ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ስትወስደን ነው። አባዬ የዓሣ ሾርባውን በማንኪያ ወደ አፉ ሊወስድ ይታገላል፣ ግማሹ ደረቱ ላይ ይፈሳል፣ እኔ በሶፍት እጠርግለታለሁ፣ አንተ ስልክህን ይዘሃል። ለማስታወሻ መስሎኝ ነበር። እንዲያውም «እሱንም ቀስ ብለህ አብላው እንጂ፣ ማንሳቱን ተወው» ልልህ አስቤ፣ ከስንት ዓመት በኋላ የመጣ ልጅ አይከፋው ብዬ ዋጥኩት። ፊቱ አይታይም ትለኝ ይሆናል። አዎ፣ ፊቱ አይታይም። እማዬ ያደረገችለት ቀለበት ግን ይታያል። የኔም እጅ ከነሶፍቱ ይታያል። ሾርባው ሸሚዙ ላይ ሲንጠባጠብ አዳራሹ ጸጥ ብሎ ያያል።

የተናገርከውን ሰምቻለሁ፤ ያልገባኝን ሳያት ተርጉማልኛለች። አንጎልና ሕብለ ሰረሰር በጥብቅ አጥር የተከለሉ ናቸው፤ በአፍ የተዋጠ መድኃኒት በሆድ አልፎ በደም ዞሮ እዚያ ሲደርስ አብዛኛው በር ላይ ይመለሳል አልክ። እስከ ዛሬ አጥሩን ለማለፍ ወይ ራስ ቅል ይበሳል ወይ ጀርባ በመርፌ ይወጋል፤ አሁን ግን ሳይበሱና ሳይወጉ ማስገባት ይቻላል አልክ። ሌሎች በድምፅ ሞገድ አጥሩን ለጥቂት ጊዜ ከፈት ያደርጉታል፤ እናንተ ደግሞ ከዱቄት በእጅጉ የደቀቀ ቅንጣት በአፍንጫ አስገብታችሁ፣ በማሽተቻው ነርቭ በኩል ወደ ላይ ታወጡታላችሁ። እግዚአብሔር ያሳካላችሁ። ሥራህን አልጠላሁትም። እኔ የዚህ እጅ የሚያንቀጠቅጥ፣ ሰውነት የሚያደርቅ የአንጎል ደዌ አስታማሚ ነኝ፤ እንዲህ ያለ መንገድ ተገኘ ሲባል ከኔ በላይ ማን ደስ ይለዋል?

ግን በዚያ አላበቃህም። መጨረሻ ላይ እንግሊዝኛህን ተውክና ካሜራውን እያየህ በአማርኛ «አባዬ፣ ጠብቀኝ፤ መድኃኒትህን ይዤልህ እመጣለሁ» አልክ። አዳራሹ ምን እንዳልክ ሳይገባው ብድግ ብሎ አጨበጨበ። በነሱ አልፈርድም። አንተ ግን የምትለውን ታውቃለህ። መድኃኒቱ የት እንደደረሰም ታውቃለህ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ያንተ ደግሞ ወለምታ እንኳ አይደለም፣ አስበህበት የተናገርከው ነው።

ለአባዬ ላላሳየው ወሰንኩ። የመዘምራን ልጆች ግን ቀደሙኝ። እጁ አላስይዘው እስኪል ድረስ አኮርዲዮን እየተጫወተ ያሳደጋቸው ልጆች አይደሉ? እሑድ ከጸሎት ቤት ሲወጣ ከብበው በስልክ አሳዩት። በማግስቱ ብቻውን ባጃጅ ይዞ ሱቄ ድረስ መጣ። ሲወርድ ባለባጃጁ ነው ደግፎ ያስገባው።

«በትልቁ ኮምፒውተር ክፈችልኝ» አለ።

ከፈትኩለት። እጁ ስክሪኑ ላይ ሲመጣ «ይሄ የኔ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። «ይህን ያህል ነው እንዴ የሚንቀጠቀጠው?» አለ። ያንን እጅ ለዓመታት ይዞት ኖሮ ከውጭ ሆኖ አይቶት አያውቅም ነበር። ቀና ብሎ ተማሪዎቹን አየ፤ እነሱም አይተውታል። እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ያን ሰዓት አጠገቤ ብትኖር በጥፊ እልህ ነበር፤ ዶክተርነትህንም አላይልህም።

ከዚያ አማርኛው ደረሰና ፊቱ በራ። «መልሺው» አለ። መለስኩት። «እንግሊዝኛውን እለፊው፣ ልጄ የሚያናግረኝ ጋ አድርሺኝ» አለ። አደረስኩት። ስትጠራው «አቤት» ይልሃል። ደንበኛ እየጠበቀኝ እሱ ኮምፒውተሩን «አቤት» ይላል። «መቼ ነው የሚመጣው?» አለኝ።

ያን ዕለት ነው የጻፍኩልህ። ደውልለት፤ መድኃኒቱ ገና በአይጥ ላይ እየተሞከረ መሆኑን በራስህ አፍ ንገረው፤ ከኔ አይቀበልም አልኩህ። ምን ብለህ መለስክ? «እታለም ስብሰባ ላይ ነኝ፣ እደውላለሁ። ተስፋውን አትግደዪበት።» ተስፋውን አትግደዪበት! እሱን ተስፋው ሊገድለው እንደነበር አሁን አንብብ።

ሙባረክን ለምኜ ቤት አመጣሁት። ልጁ ጨዋ ነው፤ ያንተን ሥራ አላንቋሸሸም። እንዲያውም ክብሩ የያዘው መንገድ ትልቅ ነው አለ። ከዚያ ዝግ ብሎ «ጋሽ ዘሪሁን፣ የአይጥ አፍንጫ ግማሽ ያህሉ ለማሽተት የተሠራ ነው። የኛ ግን ለዚያ ያለው ትንሽ ቦታ ነው፣ ያውም ላይ ጥግ። በአይጥ የሠራ በሰው ላይሠራ ይችላል። እነ ክብሩ በሰው ገና አልሞከሩትም። ዓመታት ይወስዳል። እስከዚያ በየቀኑ የሚውጡትን ኪኒን እንዳይተዉ» አለው።

አባዬ በትዕግሥት ሰማው። ሲጨርስ «ልጄ፣ አንተ እዚህ ቀረህ፣ እሱ ሄደ። ያላየኸውን አትናገር» አለው። ሙባረክ ተሰናብቶ ወጣ። ይህን ሰው ነው እንግዲህ ሰላምታ ሳትነፍግ የምትቀበለው። አባዬ ወደኔ ደግሞ ዞሮ «አንቺም ከልጅነትሽ ጀምሮ የክብሩ ነገር አይዋጥልሽም» አለኝ። የሚያጥበው ማን ነው? የሚያለብሰው ማን ነው? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሲባል እሰማ ነበር፤ ያቺ ላም ከኔ በላጭ ሆና አየኋት።

መስከረም ላይ እሑድ ቀን ምስክርነት ያለው ሰው ይምጣ ሲባል አባዬ ተነሳ። ሄዶ መድረኩ ላይ ቆመ። እኔ አላወቅኩም ነበር፤ ባውቅ ኮቱን ይዤ አስቀምጠው ነበር። «እግዚአብሔር ከልጄ እጅ መድኃኒት ሰጥቶኛል። በእምነት ተቀብያለሁ። ድኛለሁ!» አለ። ምእመኑ በእልልታ ቀለጠ። አኮርዲዮኑን አምጡልኝ አለና አንገቱ ላይ አንጠለጠሉለት። ጣቶቹ ቁልፉን ማግኘት አቃታቸው፤ እሱ እያለቀሰ እየሳቀ ነው፣ ሕዝቡ ሃሌሉያ ይላል። የቸርቻችንን ሰው ታውቀዋለህ፤ ድኛለሁ ብሎ የመሰከረ በማግስቱ ቢያነክስ እንኳ አላነከስኩም ይላል። አንተ ከሄድክ ቆየህና የምትናገረው ቃል እዚህ ምን እንደሚሆን ረስተኸዋል። እናንተ ጋ አጨብጭበው ወደ ምሳ ይሄዳሉ። እኛ ጋ ሰው ይመሰክርበታል።

ማታውኑ ኪኒኑን ስሰጠው እጄን ገፋው። «መስክሬ መጥቼ ኪኒን ልዋጥ? እግዚአብሔርን ውሸታም ላድርገው?» አለኝ። ፓስተር ግዛቸውን ጠራሁት። ፓስተሩ ሳይውል ሳያድር መጣ፤ እግዚአብሔር ይስጠው፣ እንደ አንዳንዶቹ አይደለም። «ጋሽ ዘሪሁን፣ ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበር። ኪኒንዎን ይዋጡ፣ ምስክርነትዎ አይነካም» አለው። አባዬ ለፓስተሩ እሺ አለ። ከዚያ በኋላ ኪኒኑን ስሰጠው አፉ ይከታል፣ ውሃ ይጠጣል፣ እኔ ዞር ስል ደግሞ ይተፋል። ከጓሮ እንሰቱ ሥር ኪኒኖቹን ያገኘኋቸው ቆይቶ ነው። ዝናቡ አሟሙቷቸው ነጭ ነጭ ሆነዋል።

ያኔ ግን ዘግይቼ ነበር። መድረቅ ጀምሮ ነበር። መጀመሪያ አንገቱ፣ ከዚያ እግሩ። ፊቱ ጣውላ ሆነ፤ ዓይኑን እንኳ እንደ ልቡ አያርገበግብም። ምግብ ሳቀርብለት ያንቀዋል። «በርታ፣ ደህና ነኝ በል» እያለ ራሱን በራሱ ያበረታታል፣ በማይሰማ ድምፅ። ጥቅምት ላይ መታጠቢያ ቤት በሩ ላይ ወድቆ አገኘሁት፤ ሰውነቱ እንደ እሳት ይፋጃል። ጎረቤት ተጠርቶ ሚኒባስ ውስጥ አጋድመን ሆስፒታል አደረስነው። መንገድ ላይ ደወልኩልህ። አላነሳህም።

የተቀበለችን ሐኪም ዶክተር ሰሚራ ትባላለች። ኪኒኑን ማቆሙን ስነግራት ቀና ብላ አየችኝ። «ይህን መድኃኒት በአንዴ ማቆም ጡንቻ ያደርቃል፣ ትኩሳት ያመጣል፣ ይገድላልም። ማነው አቁም ያለው?» አለችኝ።

«ልጁ መድኃኒት አገኘሁ ስላለ ነው» አልኳት።

«ልጁ ምንድን ነው?»

«የመድኃኒት ዶክተር።»

ወደ ሥራዋ ዞረች። እኔ ባንተ ፈንታ አፈርኩ። እስከ ዛሬ ባንተ አፍሬ አላውቅም ነበር።

መዋጥ ስላቃተው በአፍንጫው ቀጭን ቱቦ እስከ ሆዱ አስገቡለት። ኪኒኑን ፈጭተው በውሃ በጥብጠው በዚያ ይሰጡታል። ዶክተር ሰሚራ ለብቻዬ ጠርታኝ «ከዚህ ይወጣል፤ ቤት ሄዶ እንደገና እምቢ ካለ ግን ሁለተኛ ላናተርፈው እንችላለን» አለችኝ። አጠገቡ ተቀምጬ ይህን ሳብሰለስል፣ ቀን አልፎ ቀን ሲተካ ሰውነቱ ፈታ ማለት ጀመረ። አንድ ከሰዓት በኋላ ዓይኑን ገልጦ እጁን ቀስ አድርጎ ወደ አፍንጫው ወሰደ። ቱቦውን ዳሰሰው።

«መጣ?» አለኝ።

«ምኑ?»

«የክብሩ። በአፍንጫ ነው ብሎ የለ?»

ክብሩ፣ አይደለም ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ይሄ የምግብ ቱቦ ነው፤ የዳንከው እንሰት ሥር በምትተፋው ኪኒን ነው፤ ልጅህ ምንም አልላከም፣ ስልክም አያነሳም ልለው ነበር። ሁሉም ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ብነግረው ደግሞ አያምነኝም፤ ቢያምነኝም ቤት ሲገባ ኪኒኑን አይወስድም፤ መስክሯላ! ፊቱን አየሁት። ጣውላ ከሆነ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የፊቱ ጡንቻ ተንቀሳቅሶ ፈገግ ብሏል።

«መጣ» አልኩት።

አለቀሰ። «አልኩሽ አይደል?» አለኝ። አልከኝ አባዬ አልኩት።

ቤት ስንገባ ቱቦው ወጥቷል። እሱ ግን አልረሳም፤ «መድኃኒቴስ?» አለ። ፋርማሲ ሄጄ ለሕፃናት አፍንጫ ሲዘጋ የሚሰጠውን የጨው ውሃ ገዛሁ። ከጠርሙሱ ላይ ጽሑፉን በሙቅ ውሃ ልጬ አነሳሁት። «ክብሩ እንዲህ ብሏል፤ መጀመሪያ ኪኒኑ ይዋጣል፣ ከዚያ ይሄ በአፍንጫ ይገባል፤ ያለ ኪኒኑ አይሠራም» አልኩት። እኔ ስለምነው፣ ፓስተሩ ሲመክረው፣ ሙባረክ ሲያስረዳው እምቢ ያለ ሰው፣ አንተ ብለሃል ስለው ኪኒኑን ጭጭ ብሎ ዋጠ። አፉን ከፍቶም አሳየኝ፣ እንደ ልጅ። «መዋጤን ንገሪው» አለኝ።

ይኸውልህ ታዲያ፤ ቆሟል። ሸሚዙን ራሱ ይቆልፋል። ዓሣ በእጁ ይበላል፤ እሾኹን እኔ ባወጣለትም። እጁ መንቀጥቀጡን አልተወም፤ እሱ ግን እየተወ ነው ይላል። በሠፈሩ የሚያውቀውን ሁሉ እያቆመ «ልጄ ነው ያዳነኝ» ይላል። እኔ ጠርሙሱን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ አጠገቡ ቆሜ እሰማለሁ።

በዚህ ቢያበቃ ዝም እል ነበር። ባለፈው ሳምንት ማርታ በራችንን አንኳኳች። ታውቃታለህ፣ ከእማዬ ጋር ትዘምር የነበረችው ማርታ። ባሏ ከሕንፃ ሥራ ላይ ወድቆ ሕብለ ሰረሰሩ ተጎድቷል፤ ከወገቡ በታች አይታዘዝለትም። ቅቤ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ይዛልኝ መጥታለች። «አለምዬ፣ ለወንድምሽ ንገሪልኝ፤ ለኔም ሰው ከዚያ ጠብታ ትንሽ ይላክልኝ፤ ጀርባን ጭምር ይረዳል ብሏል አሉ» አለችኝ።

እሷን መዋሸት አልቻልኩም። በሩ ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ የጨው ውሃ ነው አልኳት። እንባዋ መጣ፣ መልሳ ዋጠችው። «ለአባትሽ ውሸቱን ሰጥተሽ ለኔ እውነቱን ትሰጪኛለሽ?» ብላኝ ሄደች። ቅቤውን እንኳ አልወሰደችም። እስካሁን ለማንም አልተናገረችም፤ መቼ ከአፏ እንደሚያመልጣት ግን አላውቅም። ከሰው አፍ ሰምቶት እንደገና ኪኒኑን ቢተው ምን እንደሚሆን ነግሬሃለሁ።

አሁን የምፈልገውን ስማ። ሁለት ወር ሙሉ ደውለህ እውነቱን ንገረው ስልህ የነበርኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ደግሞ እንዳትነግረው እልሃለሁ፤ በስልክ እንዳትነግረው። እሑድ ከጸሎት ቤት ሲመለስ ሊያመሰግንህ ይደውላል፤ ሥራ ላይ ነው፣ አያነሳም እያልኩ ስከለክለው ከርሜያለሁ፣ ከእንግዲህ አልችለውም። ታነሳለህ። እኔ ነኝ የላክሁት ትላለህ። ከኪኒኑ ጋር ካልሆነ አይሠራም፣ እንዳታቋርጥ ትላለህ። ሙያዬ እንዲህ ያለ ውሸት አይፈቅድልኝም እንዳትለኝ ብቻ። ለጭብጨባ ሲሆን ፈቅዶልህ የለም ወይ?

የአባቴን እጅ ደግሞ ከዚያ ቪዲዮ ላይ አንሳልኝ። እንዴት እንደሚነሳ አንተ ታውቃለህ። የታመመ እጅ ከፈለግክ ፈቅዶ የሚሰጥህ ሰው ፈልግ፤ የኛን ሳታስፈቅድ ወስደህ ለሰው ዘርግተሃል። እሱ አልተቀየመህም፤ እሱ ባንተ መቀየም አያውቅበትም። የተቀየምኩህ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ከኔ ጋር ነው ጉዳይህ።

ለገና ደግሞ ትመጣለህ። መድኃኒት ሳትይዝ፣ ባዶ እጅህን። አጠገቡ ተቀምጠህ፣ ዓይኑን እያየህ፣ አባዬ የለም፣ ገና ነው፣ የተናገርኩት ልክ አልነበረም ትለዋለህ። ነግረኸው ብድግ ብለህ አትሄድም። ቢቆጣ ቁጣውን ትጠጣለህ፤ ቢያለቅስ እዚያው ትሆናለህ። ኪኒኑን እምቢ ቢል አንተው ለምነህ ታስውጠዋለህ። እኔ ስንቱን ለምኜ እንዳስዋጥኩት አታውቅም፤ ምን ያህል እንደደከመኝም አታውቅም። እስክትመጣ እዋሻለሁ። ካልመጣህ ግን በራሴ አፍ እነግረዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አንተ ተሸከመው።

ጻፍ ጻፍ ሲለኝ የቆየውን ጻፍኩ። ተሳድቤ ከሆነም አልመልሰውም። ደብዳቤ በምርቃት ይዘጋ ሲባል አድገናል፤ የኔ ምርቃት ዛሬ ከአንጀቴ አይወጣም፣ ስለዚህ የሱን ልላክልህ።

ዛሬ ጠዋት ኪኒኑን በውሃ ዋጠና ራሱን ወደ ኋላ ደገፍ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ጠርሙሱን አፍንጫው ውስጥ ጨመቅ አደረግኩት። አስነጠሰው፤ ሳቀ። ከዚያ ዓይኑን ሳይገልጥ እጄን ያዘና ሳመው። «ክብሩ ልጄ፣ እጅህ ይባረክ። ዘመንህ ይርዘም። ለኔ እንደደረስክልኝ በቸገረህ ቀን የሚደርስልህ አትጣ። ከሰው ፊት ሞገስ ይስጥህ» እያለ መረቀህ። ሁሉንም የኔን እጅ እንደያዘ ነው ያለው። እጄን መንጭቄ ጠርሙሱን ግድግዳ ላይ ልፈጠፍጠው ምንም አልቀረኝም ነበር። ሲጨርስ ዓይኑን ገለጠና ዝም ማለቴን አየ።

«አሜን በይለት እንጂ» አለኝ፤ «ወንድምሽ አይደለም እንዴ?»

አልኩልህ።

እህትህ
አለምነሽ ዘሪሁን